ከማል ጉም ውስጥ የጠፋበት ጨዋታ

ጨዋታው ቡሌ ላይ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ኤልቤቴል ናት። ዲላ ላይ ይሁን ስትል የመንገድ ሥራ ካምፑ ሰዎች እምቢ አሉ። ጨለለቅቱ አጠገብ ባለው የካምፑ ሜዳ ይሁን ስትል ደግሞ የዩኒቨርሲቲው መምህራን አሻፈረን አሉ።

«እንግዲያው ቡሌ» አለቻቸው። «እዚያ ሁላችሁንም እኩል ይበርዳችኋል።»

ኤልቤቴል ዲላ ውስጥ የስፖርት መምህርት ናት። ቅዳሜና እሑድ የቀበሌና የወረዳ ጨዋታዎችን ትዳኛለች። ቀጭንና ረጅም ናት፤ ስትሮጥ ክርኖቿን ወደ ጎኗ ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ሰው ላይ መጮኽ ስለማትወድ ፊሽካ የምትነፋው አጭር አድርጋ ነው። የውጭ ዜጎቹን ጨዋታ እንድትዳኝ የተጠየቀችው ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሌላ ሰው ስለጠፋ ነበር። በደንባቸው መሠረት ሜዳ ውስጥ የሚገባው ኢትዮጵያዊ ዳኛው ብቻ ነው።

አንደኛው ቡድን የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ሕንዳውያን መምህራን፣ አንድ ናይጄሪያዊ የሒሳብ መምህርና አንድ ፊሊፒናዊ። ሌላው የካምፑ ነው፤ መንገዱን የሚሠሩ ቱርኮችና ከእነሱ ጋር የመጡ ኬንያውያን ቀያሾች። ስምንት ለስምንት ይጫወታሉ፤ ከዚያ በላይ የሚሮጥ የውጭ ሰው በአካባቢው አይገኝም። ከሚሮጡትም አብዛኞቹ ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚሮጥ ናቸው። ቢሆንም ወደ ሜዳ ሲገቡ ፊታቸው ይለወጣል። ሁሉም ከቤቱ ርቆ የመጣ ሰው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው አገር ሥራ ሲሠራ ይሰነብትና ኳስ ሲያይ የራሱ የሆነ ነገር ያገኘ ይመስለዋል። የራሱ ስለሚመስለውም ይጣላበታል።

የዩኒቨርሲቲው በረኛ ዶክተር ራጋቫን ይባላል። ብዙ ዓመት ዲላ ኖሯል። ጸጉሩ ሸብቷል፣ መነጽሩን በላስቲክ አንገቱ ላይ ያስራል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። የካምፑ አጥቂ ደግሞ ከማል ነው፤ የአስፋልት ሠራተኞች አለቃ፣ ወፍራም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ። ስሙ እዚህም አገር የተለመደ ስለሆነ ሠራተኞቹ እንደ ራሳቸው ሰው «ጋሽ ከማል» ይሉታል።

ሁለቱ አንድ ጊዜ ጓደኛሞች ነበሩ። እሑድ እሑድ ከማል ከካምፑ ወደ ዲላ ይወጣና ገበያነሽ ምግብ ቤት በረንዳው ላይ አብረው ምሳ ይበሉ ነበር። ራጋቫን ሥጋ አይበላም፤ ከማል ያለ ሥጋ አይጠግብም። ገበያነሽ አንድ ትሪ ላይ በአንዱ በኩል ሽሮና ጎመን፣ በሌላው በኩል ጥብስ አድርጋ ታቀርብላቸዋለች፤ መሀሉ ላይ አይብ። ሁለቱም እየቆረሱ አይቡ ላይ ይገናኛሉ። የሚነጋገሩት በአማርኛ ነበር። ከማል እንግሊዝኛ አያውቅም፣ ራጋቫን ቱርክኛ አያውቅም፤ ሌላ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ራጋቫን አማርኛውን የለቀመው ከመጽሐፍና ከተማሪዎቹ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ብርጭቆ ተጠንቅቆ ያስቀምጠዋል። ከማል የለመደው ከቆጨሬ የቀን ሠራተኞች ነው፤ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» እያለ፣ በጌዴኦኛ ዜማ እያወዛወዘ ይናገራል። ገበያነሽ ጓዳ ሆና ስትሰማቸው ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ይህ ሁሉ የቀረው ኤልቤቴል በነፋችው አንድ ፊሽካ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ዲላ ላይ ሲጋጠሙ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከማል ኳስ ይዞ ወደ ግቡ ገባ። ራጋቫን ተወረወረና እግሩን ያዘው። ኤልቤቴል ቅርብ ነበረች፤ ጣቶቹ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲያርፉ በዓይኗ አይታለች። ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠች። ራጋቫን «እኔ አልነካሁትም» አለ። ከማል ከመሬት ተነስቶ፣ አቧራውን እያራገፈ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሳቀና «ዋሾ!» አለው። ከዚያ ኳሱን አስቀመጠና አገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም። ገበያነሽ ቤት አንዱ በስድስት ሰዓት፣ አንዱ በስምንት ሰዓት መምጣት ጀመሩ። በዓመቱ ካምፑ ሜዳ ላይ ሲጋጠሙ ዩኒቨርሲቲው አሸነፈ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አንዴም ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ወጡ። ኤልቤቴል ስለ ቅጣት ምቱ ተጠራጥራ አታውቅም። ልክ ነበረች። ግን ልክ መሆኗ እንዴት ይህን ያህል ነገር እንደሰበረ አልገባትም። በገበያነሽ በረንዳ በኩል ስታልፍ ባዶውን ወንበር ላለማየት ወደ ሌላ ትመለከታለች።

አሁን መንገዱ እያለቀ ነው፤ ካምፑ ሊነሳ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ጨዋታ የመጨረሻው ነው።

በጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት በሁለት መኪና ወደ ቡሌ ወጡ። ዲላን ሞቅ ባለ ፀሐይ ትተውት ነበር የተነሱት። ጭቃው እያንሸራተታቸው፣ ድንጋዩ እያነጠራቸው ሽቅብ ሲሄዱ ቡናው ቀረ፣ እንሰቱ በዛ፣ አየሩ ሳሳ። ሜዳው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለ ሣር ነው። በአንድ ወገን ቀርከሃ፣ በሌላው ወገን ከግቡ ጀርባ ጀምሮ የእንሰት ማሳ። የቡሌ ሰው ጋቢና ቡሉኮውን ደራርቦ ዳር ዳሩን ቆሟል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ሜዳውን የሚጠብቀው ሽብሩ የሚባል ሰው ነው። ኤልቤቴል ጫማዋን ስታስር ቀረብ አላት።

«ቲቸር፣ የትኞቹ ናቸው ቻይናዎቹ?»

«ቻይና የለም። ቀይ የለበሱት ቱርኮች ናቸው።»

«እሺ። ሰው ግን ቻይና እያለ ነው የሚደግፋቸው።» ቀና ብሎ የቀርከሃውን ጫፍ አየ። «ቶሎ ጀምሩ። ጉሙ ሲመጣ አያስፈቅድም።»

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። ከፍታው ሁሉንም አደከማቸው፤ ትንሽ ሮጠው ጉልበታቸውን ይዘው ይቆማሉ። ናይጄሪያዊው ኦቢና አንዴ መትቶ ቋሚው መለሰበት። ከማል ሁለት ጊዜ ወደ ግቡ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ከራጋቫን ፊት ሲሆን እግሩ የከበደው ይመስል ወደ ጎን ሰጠ። ራጋቫንም ከግቡ አልወጣም። ኤልቤቴል ይህን አየች።

ጉሙ የመጣው ከእረፍት በኋላ ነው። መጀመሪያ የቀርከሃውን ጫፍ ወሰደ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ። ቀስ ብሎ፣ ቤቱ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው፣ ወደ ሜዳው ገባ፤ የታሰሩትን ፈረሶች፣ ከዚያ ዳር የቆመውን ሰው፣ ከዚያ የማዕዘኑን ባንዲራ አንድ በአንድ አጠፋቸው። ኤልቤቴል ወደ ግቡ ስትዞር ራጋቫን ግራጫ ጥላ ሆኗል። ደግማ ስትዞር እሱም የለም።

ማስቆም ነበረባት። ፊሽካውን ወደ ከንፈሯ አንስታም ነበር። ግን የሆነ ነገር ያዛት። ሜዳው ጸጥ ብሏል። ሁልጊዜ ሲጯጯኹ፣ እጃቸውን ሲያወናጭፉ፣ ወደ እሷ እየሮጡ ሲከራከሩ የምታውቃቸው ሰዎች ድምፃቸውን አጥፍተው ይጫወታሉ። ኳሱ ሲመታ እንደ በር መንኳኳት ይሰማል። አንድ ቀይ መለያ ከነጩ ውስጥ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ አንድ ሰማያዊ ይከተለዋል። ማን ማንን እንደሚያሳድድ አይታወቅም። ሣሩ ላይ እግሮች ብቻ ይሰማሉ፤ እንደ ዝናብ ጀምረው ያቆማሉ።

ከዚያ ኦቢና ከአንድ ቦታ ጮኸ። ኳስ እንዲሰጡት ፈልጎ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢሆን ግማሹ አይሰማውም። በሚያውቀው አማርኛ «እዚህ ነኝ!» አለ።

«እኔም እዚህ ነኝ!» አለ ሌላ ድምፅ ከሩቅ፤ ያ ደግሞ ከካምፑ ነበር።

«እዚህ ነኝ! እዚህ ነኝ!»

ከሕንድ፣ ከቱርክ፣ ከኬንያ የመጡ ድምፆች ሁሉ አንዲቷን ቃል እየተቀባበሉ ጉሙን ሞሉት። አንዳንዱ ሳቅ አፈነው። ዳር የቆሙት የቡሌ ሰዎችም አላስቻላቸውም። «እኛም እዚህ ነን!» ብለው መለሱ፤ ሴቶች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ሳቁ። ኤልቤቴል መሀል ሜዳ ላይ ቆማ፣ ምንም ሳታይ፣ ፊሽካዋን ጨብጣ፣ እንባዋ መጣ። ለምን እንደሆነ አታውቅም። ወዲያ ማዶ ያለች አንዲት የማታውቃት አገር ውስጥ ያለች መሰላት።

በዚያው ጊዜ አንድ ከባድ ትንፋሽ በአጠገቧ አለፈ። ቀይ መለያ፣ ሰፊ ጀርባ፤ ከማል ነው፤ ኳሱ እግሩ ላይ ነው። ወደ ግቡ እየገባ ነበር። ተከትላው ሮጠች። ነጩ ዋጠው። የእግሩን ኮቴ ትንሽ ሰማች፤ ከዚያ እሱም ቀረ።

ጠበቀች። ኳስ መረብ ሲነካ አልሰማችም። ማንም «ጎል» አላለም።

«ኳሱ የት ሄደ?» አለ የራጋቫን ድምፅ ከፊቷ።

«ወደ እርስዎ አልመጣም?»

«ማንም አልመጣም።»

አሁን ነፋች። ረጅም አድርጋ፣ እሷ በማትነፋው ዓይነት። «ሁላችሁም ወደ ፊሽካው ኑ!» እያለች ደጋግማ ነፋች። አንድ በአንድ ከነጩ ወጡ፤ ጸጉራቸው ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ፣ ከእንቅልፍ እንደነቁ ሰዎች። ራጋቫን በመጨረሻ መጣ። ኤልቤቴል በዓይኗ ቆጠረቻቸው። ከቀዮቹ አንድ ጎድሏል።

«ጋሽ ከማል የለም» አለች።

ቱርኮቹ ወደ አራቱም አቅጣጫ ዞረው ተጣሩ። መልስ የለም። ሽብሩ እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ ተለውጧል።

«ከግቡ ኋላ ሄዶ ከሆነ ጥሩ አይደለም። እንሰቱ ውስጥ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ አለ። ከእንሰቱ ወዲያ ደግሞ ገደል ነው፣ እስከ ወንዙ ድረስ።»

ራጋቫን ጓንቱን አወለቀ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ሣሩ ላይ ጣላቸው። ወደ ግቡ ጀርባ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከማል!» አለ።

ዝቅ ባለው ድምፁ ነበር የጀመረው። ሁለተኛ ሲጠራ ግን ኤልቤቴል ያ ድምፅ ከዚያ ቀጭን ሰውነት መውጣቱን ማመን አቃታት። «ከማል!»

«እጅ ለእጅ ተያያዙ» አለች ኤልቤቴል። «ማንም ብቻውን አይሂድ። በሰልፍ ነው የምንገባው። መሬቱን በእግራችሁ ሳትሞክሩ እንዳትረግጡ።»

ተያያዙ። ቀይና ሰማያዊ ሳይመርጡ፣ እንደቆሙበት። የቡሌ ሰዎችም ጫፍና ጫፉ ላይ ተጨመሩ፤ ሽብሩ ገደሉ ባለበት በኩል ሆነ። ኤልቤቴል በቀኟ የኦቢናን፣ በግራዋ የራጋቫንን እጅ ይዛለች። የራጋቫን እጅ በረዶ ሆኗል።

እንሰቱ ውስጥ ሲገቡ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ። ከሰው ቁመት በላይ የሆኑት ቅጠሎች ውኃ ተሸክመው ዘንበል ብለዋል፤ ሲነኳቸው ትከሻ ላይ ያፈሱታል። መሬቱ ለስላሳ ነው፤ ኮቴ አይሰማም። በሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች እንደ ጥላ ከግንድ ግንድ ያልፋሉ፤ ግንድ ሲመጣ እጃቸውን ይለቁና ከወዲያ በኩል ይፈላለጋሉ፤ ሲገናኙ የሁሉም ፊት ላይ ትንሽ እፎይታ ይታያል። አንዳንዴ ኤልቤቴል የያዘችው እጅ የማን እንደሆነ ትረሳለች።

ራጋቫን ይጠራል። ይቆማል። ያዳምጣል። እንደገና ይጠራል። በመሀሉ ዝቅ ብሎ፣ ለእሷ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ፣ ተናገረ።

«በሕልሜ እጠራዋለሁ፣ ኤልቤቴል። ብዙ ጊዜ።»

«ምን ይሉታል?»

«ብዙ ነገር። በሕልሜ አማርኛዬ በጣም ጥሩ ነው። ጠዋት ስነሳ ግን ቃላቱ የሉም።»

እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ጥቂት ሄዱ። «ከማል!» አለ ራጋቫን፤ ድምፁ ተሰነጠቀ።

ከፊታቸው አንዲት ሴት ብቅ አለች። ሸዋነሽ ትባላለች፤ ማሳው የእሷ ነው። ማጭዷን በትከሻዋ አድርጋ፣ ያለ ጋቢ፣ በአንድ ቀሚስ ብቻ ቆማለች። ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ በእንሰቷ መሀል ሲመጣ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«የምትፈልጉት ቀይ የለበሰውን ሰውዬ ነው?» አለች።

«አዎ! አየሽው?» አለች ኤልቤቴል።

«የእኔ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። ባዶ ነው ጉድጓዱ፤ ትናንት ነው ቅጠል ያነጠፍኩበት። ደህና ነው፤ እግሩ ብቻ ነው። ጋቢዬን አለበስኩት። ሰው ልጥራልህ ብለው ‹ዝም በል እህቴ፣ ዝም በል› አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም። ከማል አዲስ የእንሰት ቅጠል ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ የሸዋነሽ ጋቢ እስከ አገጩ። አንድ እግሩ በማይሆን አቅጣጫ ታጥፏል። ፊቱ ነጥቷል፣ ዓይኖቹ ግን ተከፍተው ወደ ላይ፣ ወደሚንጠባጠበው ቅጠል ያያሉ። ምንም የሚያመው አይመስልም።

ራጋቫን ጠርዙ ላይ ተንበረከከ። ኤልቤቴል ሌሎቹ እንዳይጠጉ እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው።

«አልሰማህም?» አለ ራጋቫን። «ሁሉም ሰው ጠራህ። እኔ ጠራሁህ። ገደል ገባህ ብዬ… አልሰማህም?»

«ሰማሁ» አለ ከማል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ከማል ቃላቱን ፈለገ። ጊዜ ወሰደበት።

«አንቺ ስሜን ጠራሽ» አለ። «ሁለት ዓመት አልጠራሽም። እኔ ‹እዚህ ነኝ› ካልኩ ትተያለሽ። አንድ ጊዜ ደግሞ ትጥራኝ አልኩ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሸዋነሽ «ወይኔ» አለች በቀስታ።

ራጋቫን መነጽሩን አወለቀ፤ በእርጥብ መለያው ጠርጎ መልሶ አደረገው፤ ይበልጥ ደበዘዘበት። ከዚያ እጁን ጠርዙ ላይ ተክሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደና ቅጠሉ ላይ፣ ከከማል ራስ አጠገብ ተቀመጠ። ቅጠሎቹ ይንጠባጠባሉ።

«ከማል» አለ ራጋቫን። «ከማል። ከማል። ከማል። ይበቃሃል ወይስ ልጨምር?»

«ጨምሪ» አለ ከማል፤ ዓይኖቹን ጨፈነ።

ኤልቤቴል ፊቷን አዞረች። ቱርኮቹም ሕንዶቹም ምን እንደተባለ ከፊሉ ገብቷቸዋል፣ ከፊሉ አልገባቸውም፤ ያልገባቸውም ቢሆኑ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

የቡሌ ሰዎች በቀርከሃ ቃሬዛ ሠሩ። እዚህ አገር በሽተኛ እስከ መኪና የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነው፤ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚቀያየሩ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ሽብሩ የውጭዎቹን ሰዎች አሠለፋቸው። «ትከሻህን ዝቅ፣ እንደዚህ። ወንድምህን አታነቃንቀው።» አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ የቡሌ ገበሬ፣ አንድ ቀይ። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ያለ ጥያቄ ሸክማቸውን ጥለው አንድ አንድ ትከሻ ሰጡ። ከማል ከላይ ሆኖ፣ ጋቢው ተጠቅልሎበት፣ ከጉሙ በቀር ምንም አያይም ነበር። በኋላ ለኤልቤቴል «ባሕር ላይ ያለሁ መሰለኝ፤ ጀልባዋ ትተነፍሳለች» ብሏታል። ኳሱን የፈለገ ሰው አልነበረም።

ራጋቫን መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ የከማልን ራስ ጭኑ ላይ አደረገ። ኤልቤቴል ከፊት ሆነች። ትንሽ ቁልቁል እንደሄዱ በአንድ መታጠፊያ ላይ ጉሙ አለቀ። መጋረጃ እንደተገለጠ ሁሉ ከታች የጌዴኦ ምድር በፀሐይ ተጥለቅልቆ ታየ፤ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር፣ ፍሬው መቅላት ጀምሮ፣ ከቆርቆሮ ጣራዎቹ ብርሃን እየዘለለ። ሾፌሩ ዓይኑን አጠበበ። ከኋላ ሁለቱ ሰዎች ማውራት ጀምረው ነበር።

«ያን ቀን» አለ ራጋቫን «‹ዋሾ› አልከኝ። በሰው ፊት።»

«አዎ።»

«እንደዚያ ይባላል? ለጓደኛ?»

«ለጓደኛ ነዋ!» ከማል ከሥቃዩ ጋር ራሱን ሊያነሳ ሞከረ። «ልጆቹ ሁልጊዜ ይሉኛል፤ ‹ጋሽ ከማል ዋሾ!› ይሉኛል። እኔም እላቸዋለሁ። ከዚያ ሻይ እንጠጣለን። ለማይወዱት ሰው እንዴት ይባላል?»

ራጋቫን ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ኤልቤቴል፣ እውነት ነው?»

ዘወር አለች። ሁለቱ እንደ ተማሪ ያዩዋታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰበብ የመሰላት የራሷ ፊሽካ ነበር፤ ይህን ቃል አንድም ቀን አላሰበችውም።

«እውነት ነው» አለች። «ሠራተኞቹ ሲስቁ እንደዚያ ይባባላሉ። ግን እርስዎም አልተሳሳቱም፣ ዶክተር። ሰው ሳይስቅ ከተናገረው በጣም ከባድ ቃል ነው።»

«እሱ እኮ እየሳቀ ነበር» አለ ራጋቫን ቀስ ብሎ። «እየሳቀ ስለነበር ነው የባሰብኝ።»

ከማል እጁን ወደ ላይ ሰዶ የራጋቫንን ጉንጭ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ፤ በጭቃ እጁ። ከዚያ መኪናው ሲያንገጫግጨው በቱርክኛ ጮኸ፤ ይህን መተርጎም አላስፈለገም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ በሩ ላይ ቆመች። «ከበሽተኛው ጋር አንድ ቤተሰብ ብቻ ይግባ» አለች። ቱርኮቹ እርስ በእርሳቸው ሲተያዩ ራጋቫን አልፏቸው ሄደ። ነርሷ ሽበቱን፣ ሰማያዊ መለያውን፣ በጭቃ የታተመውን ጉንጩን አየች። «እሺ አባባ፣ ይግቡ» አለችው።

ኤልቤቴል ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ የዲላ ሰው አስፋልቱ ላይ ይንሸራሸራል። ጭቃዋን አይተው ጎረቤቶቿ «ምን ሆነሽ ነው? ማን አሸነፈ?» ብለው ጠየቋት። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ድምፅ የለም። ጉሙ ውስጥ ከጮኸችው ጩኸት የተነሳ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። እጇን እያወዛወዘች፣ ብቻዋን እየሳቀች አለፈቻቸው። ያን ሌሊት ስትተኛ ዓይኗን እንደጨፈነች ነጩ መጣ፤ በውስጡም በየማዕዘኑ ያሉ ሰዎች ያሉበትን ይናገሩ ነበር። ተኝታ የማታውቀውን ያህል ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ከማል እግሩ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሳይፈታ ካምፑ ተነሳ፤ ጓደኞቹ ማሽኖቹን ጭነው ሄዱ። እሱ ራጋቫን ቤት ቀረ። ኤልቤቴል ልትጠይቀው ስትሄድ በረንዳው ላይ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ታገኘዋለች፤ ራጋቫን የፈተና ወረቀት ያርማል፤ አንዳቸው በአንዳቸው አማርኛ ይሳሳቃሉ። ገበያነሽም ምሳ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ቤቱ የራጋቫን ነውና ጥብሱን እንዳያየው ክዳን ደፍታበት።

የሚሄድበት ቀን ጠዋት የሐዋሳ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ከማል በከዘራ እያነከሰ፣ ሸዋነሽ መልሳ ያልተቀበለችውን ጋቢ ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ኤልቤቴልን አቀፋት። «አንተ ጥሩ ዳኛ ነህ» አላት። ራጋቫን በነጠላ ጫማ፣ በቤት ልብሱ ሻንጣውን እየጎተተ መጣና ጫነው። ከዚያ በሩን ከፍቶ አጠገቡ ገባ።

«እስከ ዋናው መንገድ ነው» አላት በመስኮቱ፤ ማንም ሳይጠይቀው። «ከዚያ እወርዳለሁ።»

መኪናው ተነሳ። ኤልቤቴል እጇን እያወዛወዘች ስታይ ዋናው መንገድ ላይ ደረሰ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። በሩ ግን አልተከፈተም። ቡና የጫነ አይሱዙ አልፎ ሸፈነው፤ አይሱዙው ሲያልፍ መኪናው ወደ ሐዋሳ አቅጣጫ ርቆ ነበር። ራጋቫን የተመለሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ በዚያው ነጠላ ጫማ።

መኪናው ከዓይኗ ሲጠፋ ኤልቤቴል እጇን አወረደች። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ነበራት፤ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ትምህርት ቤት መንገዱን ያዘች።